ከማሽኑ በፊት ማስኩ፦ የእንቅልፍ ትንፋሽ ሕክምና ከኦቶና ሲታይ

ሦስት ዓይነት የደም ግፊት መድኃኒት በወጉ እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለ ሰው ወደ ኦቶና ሆስፒታል ሲመጣ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሌሊት ያንኮራፋሉ?» መልሱን ከራሱ ማግኘት ይከብዳል፤ ተኝቶ የሆነውን በምን ያውቃል? የምታውቀው አጠገቡ የምትተኛው ባለቤቱ ናት። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ እንደሚል፣ እሷም በጨለማው ውስጥ ትንፋሹን እየጠበቀች እንደምትቆይ፣ ከዚያም ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው በኃይል አየር እንደሚስብ ትናገራለች፤ የሚጠይቃት ከተገኘ።

በብዙ ቤት ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ነው። ታንቆ መንቃት ለዱካክ ወይም ለክፉ መንፈስ ይሰጣል። ቀን በስብሰባ መሐል፣ በጸሎት ቤት ወንበር ላይ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ በአይሱዙ መሪ ላይ የሚጥለው እንቅልፍ ስንፍና ይባላል፤ ሾፌሩም በጫት ሊያባርረው ይታገላል። ጫት ዓይን ይከፍት ይሆናል፤ ሌሊት የሚዘጋውን ጉሮሮ ግን አይከፍትም።

ኦቶና ሶዶ ላይ የሚገኘውን የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕዝቡ የሚጠራበት ስም ነው። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች ከሐኪሙ ከዶክተር ቶማስ ላምቢ ጋር እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ደቡብ ከመጡ ወዲህ የወላይታ ሰው ዘመናዊ ሕክምና ፍለጋ የሚወጣው ወደዚህችው ከተማ ነው። ስለዚህ ይህን የሌሊት መታነቅ የሚያክመውን የትንፋሽ ማሽንና የማስኩን ምርጫ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መደብር ሳይሆን ከዚህ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። መብራት የሚሄድበት፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ የሆነ፣ የማስክ መለዋወጫ በየፋርማሲው የማይገኝበት ከተማ ምርጫውን ይለውጠዋል።

ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ሲቋረጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የጉሮሮ ጡንቻ በእንቅልፍ ላልቶ፣ ምላስም ወደ ኋላ ወድቆ የአየሩን መንገድ መዝጋቱ ነው። ሐኪሞች በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ይቆጥራሉ፤ ከ5 በታች ጤነኛ፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። በሰዓት 40 ጊዜ የሚታነቅ ሰው በየደቂቃ ተኩሉ ይባንናል፤ ጠዋት ሲነሳ ግን ከእነዚያ አንዱንም አያስታውስም። እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት የመተንፈሻ ሕክምና መጽሔት የወጣ ግምት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆነ የዓለም ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገልጻል።

«ይህ የወፍራም ሰዎች በሽታ ነው» የሚለው አስተያየት ግማሽ እውነት ነው። ውፍረት ትልቁ ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከተሞቻችንም እየወፈሩ ነው። ነገር ግን ወደ ኋላ የገባ መንጋጋ፣ ያበጠ ቶንሲል፣ የተዘጋ አፍንጫ ያለው ቀጭን ሰውም ይታመማል። ለወላይታ የተለየ ትኩረት የሚሻው እንቅርት ነው። የአዮዲን እጥረት ለረጅም ዘመን በቆየበት አገር አንገት ውስጥ ያደገ እጢ የአየር ቧንቧን ይጫናል፤ የታይሮይድ መዳከምም ምላስንና ጉሮሮን ያሳብጣል። እንዲህ ያለው ሰው ማሽን ከመግዛቱ በፊት ታይሮይዱ ቢመረመርና ቢታከም ምናልባት ማሽኑ ላያስፈልገው ይችላል። በልጆችም ላይ የመጀመሪያው ሕክምና ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን እጢ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ይህ በሆስፒታል በማደንዘዣ የሚሠራ ሥራ ነው፤ በባህላዊ መንገድ እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ልጅን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ያጋልጣል እንጂ የታፈነ እንቅልፍን አያድንም። ይህን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው፤ አሁንም የሚያስቆርጡ ቤተሰቦች አሉና።

ታዲያ በሽታው መኖሩ በምን ይታወቃል? ሙሉ የእንቅልፍ ላብራቶሪ በአገራችን ብርቅ ነው። የሳንባ ሕክምና ሰብ-ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ሆኖም ካናዳ ውስጥ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ስቶፕ-ባንግ የሚባል ስምንት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ የሚፈልገው ብዕር፣ ሜትርና ሚዛን ብቻ ነው። ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሽ ሲቋረጥ ያየ ሰው፣ የደም ግፊት፣ ውፍረት፣ ከ50 ዓመት በላይ መሆን፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የበለጠ የአንገት ዙሪያ፣ ወንድ መሆን ይጠየቃሉ። አምስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ያለ ሰው በሽታው ሊኖርበት የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ ነው። ይህ ማጣሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ለምርመራው ቤት ተወስዶ የሚታደርበት አነስተኛ መቅጃ አለ፤ የአፍንጫ አየርን፣ የደረት እንቅስቃሴንና የኦክስጅን መጠንን ይመዘግባል።

በዚህ ላይ ሶዶ የራሷን ጥንቃቄ ትጠይቃለች። በ2,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ጤነኛ ሰው ነቅቶ ሳለም ጣቱ ላይ የሚደረገው ኦክሲሜትር 94 ወይም 95 ሊያሳይ ይችላል። ከዚያ ዝቅተኛ መነሻ ላይ ሌሊት ጥቂት መውረድ ቁጥሩን አስደንጋጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ በማይሉ አገሮች የተሠራን መስፈርት እንዳለ ገልብጦ መፍረድ አይገባም፤ መታየት ያለበት ቁጥሩ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ብቻ ሳይሆን በሰዓት ስንት ጊዜ እየወደቀ እንደተነሳ ነው።

አንድ አደገኛ ስሕተት ሳላነሳ አላልፍም። ከኮቪድ ወዲህ የኦክስጅን ማሽን በየቤቱ ታውቋል፤ «ሌሊት ትንፋሽ ያጥረዋል» ሲባል ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን የተዘጋ ጉሮሮን አይከፍትም። ቁጥሩን ከፍ ያደርግና መታፈኑ እንዲቀጥል፣ እንዲያውም በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲረዝም ያደርጋል። እዚህ የሚያስፈልገው የአየር ግፊት ነው።

የአየር ግፊቱን ሐሳብ የአገራችን ነርሶች ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያውቁታል። ቱቦው ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ከገባ ሕፃኑ የሚያገኘው ግፊት 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ለአዋቂዎችም መለኪያው ይኸው ነው፤ የቤት ማሽኖች ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሰጣሉ። ሲፓፕ የሚባለውን ይህን በማያቋርጥ የአየር ግፊት የማከም ዘዴ ለሕፃናት ያስተዋወቀው ሐኪሙ ጆርጅ ግሪጎሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። ለእንቅልፍ ያዋለው ግን አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲድኒ ውስጥ በአፍንጫ በኩል አየር እየነፋ የአንድን ሕመምተኛ ጉሮሮ ሌሊቱን ክፍት አድርጎ አሳደረ፤ በማግስቱ ዓመትም በአምስት ሰዎች ላይ ያገኘውን ውጤት በላንሴት አሳተመ። በዚያ ዘመን ዋናው ጭንቀት የሚነፋው ሞተር አልነበረም፤ አየር ሳያፈስ ፊት ላይ የሚቀመጥ ማስክ ማግኘት ነበር። ከ40 ዓመት በላይ አልፎም ችግሩ ያው ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ማሽኑ መናገር ቀላል ነው። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ሦስት ናቸው፦ አንድ ግፊት ብቻ የሚሰጥ ሲፓፕ፣ ግፊቱን በየእስትንፋሱ እያየ ራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ኦቶ ሲፓፕ፣ አየር ሲስቡና ሲያስወጡ የተለያየ ግፊት የሚሰጥ ባይፓፕ። ለሕመምተኛው በሚሰጡት ጥቅም ብቻ ሲመዘኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ለኦቶና ግን ኦቶው ይሻላል፤ ምክንያቱም ትክክለኛውን ግፊት ለማግኘት ላብራቶሪ ውስጥ ማደር አያስፈልግም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሌላ ከባድ ሕመም ለሌለበት አዋቂ ቤት ውስጥ በኦቶ መጀመር ላብራቶሪ ውስጥ ከመጀመር እኩል ተቀባይነት አለው ብሏል። የልብ ድካም፣ የከፋ የሳንባ በሽታ ያለበት፣ ወይም ሞርፊን መሰል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም። በተለይ የልብ ድካም ላለበት ሰው፣ ትንፋሽን በየቅጽበቱ የሚያስተካክለው ኤ.ኤስ.ቪ. የተባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ሞትን ሲጨምር ተገኝቷል። ስለዚህ «ውድ የሆነው ይበልጣል» ማለት እዚህ ሰው ሊገድል ይችላል።

ብራንድን በተመለከተ የአውስትራሊያው ግኝት ወራሽ የሆነው ሬስሜድ በሰፊው ይታወቃል፤ እንደ ቢኤምሲና ዩዌል ያሉ የቻይና ማሽኖች በዋጋ ረከስ ይላሉ። እኔ ከስሙ ይልቅ አራት ነገር አይበታለሁ። መጀመሪያ ከፍታውን ራሱ የሚያስተካክል መሆኑን ነው። መመሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የሬስሜድ ኤርሴንስ 10 እስከ 2,591 ሜትር ይሠራል፣ የፊሊፕስ ድሪምስቴሽን እስከ 2,286 ሜትር። ይህ ለሶዶ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ግን የሁለተኛው ወሰን አልፏል። ከአባያ ሐይቅ ዳር ቆላ ተነስቶ እስከ ዳሞታ ተራራ ትከሻ ድረስ በሚሰፍር ሕዝብ መካከል ከፍታ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛው መረጃውን በራሱ ስክሪንና በኤስዲ ካርድ ማሳየቱ ነው፤ በሞባይል ኔትወርክ ወደ አምራቹ የሚልከው መረጃ እዚህ ላይደርስ ይችላል፣ ካርድ ግን በፖስታ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። ሦስተኛው ፊልተሩ፣ አራተኛው የሚፈልገው የኤሌክትሪክ ዓይነት ነው።

መብራት ላይ ቆም ልበል። የማሽኖቹ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የእኛ 220 አይጎዳውም፤ የሚጎዳው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ጭማሪ ነው፤ ስለዚህ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። መብራት በሌለበት ሌሊት ባትሪ ያድናል፤ እስከ መቼ እንደሚያደርስ ግን የሚወስነው የሚነፋውን አየር በሞቀ ውሃ የሚያረጥበው የአየር ማርጠቢያው ነው። ማርጠቢያው ጠፍቶ በመካከለኛ ግፊት ማሽኑ ከ10 እስከ 25 ዋት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ባለ 12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት የሶላር ባትሪ ሙሉ ሌሊት ያሳድረዋል፣ ምናልባትም ሁለት። ማርጠቢያውና የሚሞቀው ቱቦ ሲበሩ ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ያው ባትሪ እስከ ንጋት ላይደርስ ይችላል። ደግሞም የባትሪውን ኤሌክትሪክ በኢንቨርተር ወደ 220 አውጥቶ መልሶ በቻርጀር ማውረድ ብክነት ነው፤ ማሽኑ 12 ወይም 24 ቮልት መሆኑን አይቶ ለእሱ የተሠራውን የቀጥታ ማገናኛ መግዛት ይሻላል። የመኪና ባትሪ በየሌሊቱ ባዶ ለመሆን አልተሠራም፤ በጥቂት ወር ይሞታል።

አሁን ወደ ማስኩ። ሰው ማሽኑን የሚተወው በማሽኑ ምክንያት አይደለም። ማስኩ ጉንጩን ስለሰነጠቀው፣ አየር ወደ ዓይኑ ስላፈሰሰ፣ አፉ ደርቆ ስለነቃ፣ ወይም እንደታፈነ ስለተሰማው ነው።

ሦስት ዓይነት ማስክ አለ። አንደኛው ሁለት ትናንሽ ሲሊኮን የአፍንጫ ቀዳዳ ሥር የሚቀመጡበት፣ ፊትን እምብዛም የማይሸፍን ነው። ሁለተኛው አፍንጫን ብቻ ይሸፍናል። ሦስተኛው አፍንጫንም አፍንም ይይዛል፤ በተለምዶ ሙሉ ፊት ይባላል። ሻጭ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውን ያቀርባል፤ ትልቅ ስለሆነ አስተማማኝ ይመስላል። መረጃው ግን ወደ ሌላ ያመለክታል፦ አፍንና አፍንጫን አንድ ላይ የሚይዘው የበለጠ ያፈስሳል፣ ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል፣ ቶሎም ይተዋል። ማሰሪያው መንጋጋን ወደ ኋላ እየገፋ የሚዘጋውን ጉሮሮ ይበልጥ ሊያጠብም ይችላል። ከላይ የጠቀስኩት የ2019ኙ መመሪያም መጀመር ያለበት በአፍንጫው ማስክ ነው ይላል። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰውም ብዙ ጊዜ አፉን የሚከፍተው አፍንጫው ስለተዘጋ ነው፤ አፍንጫው ሲታከም አፉ ራሱ ይዘጋል። ሙሉ ፊቱን ለእውነተኛው የአፍንጫ መዘጋት ማስቀመጥ ይገባል።

ልክ ማለት ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የማስክ ሞዴሎች የተቀረጹት በሌላ ሕዝብ ፊት ላይ ነው፤ አፍንጫው ሰፋ ያለ ሰው መካከለኛ ሲያደርግ ጠርዙ ቀዳዳውን ይጫናል፣ ትልቅ ሲያደርግ ደግሞ ወደ ዓይን ያፈሳል። አንዳንድ አምራቾች «ሰፊ» ወይም «ትንሽ ሰፊ» የሚሉት ልክ ለዚህ የተሠራ ነውና በስሙ ይጠየቅ። ጺም ያለው ሰው ሲሊኮኑ ቆዳ ስለማያገኝ ቀዳዳ ሥር የሚቀመጠውን ይሞክር። ሹሩባ የተሠራች ሴት ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ ሹሩባዋ እንደሚለውጠው ታውቅ ዘንድ ይገባል፤ በተሠራች ቁጥር መጠኑን እንደገና ማስተካከል ነው። ልኬቱም ቆሞ አይሆንም፤ ተኝቶ፣ ማሽኑ በሚሠራበት ግፊት ላይ ሆኖ፣ ወደ ግራና ቀኝ እየተገላበጡ ነው። ሲያፈስ ማጥበቅ የመጀመሪያው ስሜት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያፈሰሰው ስለጠበቀ ነው፤ ማስኩን ከፊት ትንሽ ስቦ እንደገና ማስቀመጥ ይበልጣል።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አብረው ይነገሩ። የቤት ማስክ የተተነፈሰውን አየር የሚያስወጡ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ድምፅ አሰማ ብሎ በፕላስተር መዝጋት ወይም በነጠላ መሸፈን የተቃጠለ አየርን መልሶ ማስተንፈስ ነው። በሆስፒታል ለከባድ ሕሙማን የሚውሉ ማስኮች ደግሞ እነዚህ ቀዳዳዎች የሏቸውም፤ ብዙውን ጊዜ ክርናቸው ሰማያዊ ነው። ከክፍል የተረፈ ማስክ ለቤት ማሽን አይሰጥም። በማግኔት የሚገጠሙ ማስኮችም አሉ፤ የልብ ማስኬጃ መሣሪያ ወይም አንጎል ውስጥ የብረት ክሊፕ ያለው ሰው አይጠቀምባቸው፤ አጠገቡ የሚተኛው ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ወይም ክሊፕ ካለውም እንዲሁ።

በሶዶ ብዙው ማሽን የሚመጣው ከዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። ዋጋውን ላየ ሰው አያስገርምም፤ አዲስ ኦቶ ማሽን በውጭ ገበያ ከ500 እስከ 1,000 የአሜሪካ ዶላር ነው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አሜሪካ ያለው ወንድም ወይም አክስት ያገለገለ ማሽን ሲልክ ከፍቅር ነው። ግን ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን መልሶ የሰበሰበው ድምፅ ለማፈን ውስጡ የተገጠመው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ አየሩ መንገድ ሊገባ ስለሚችል ነበር፤ የመጀመሪያው ድሪምስቴሽንም ከእነዚያ አንዱ ነው። ከመላኩ በፊት የማሽኑ መለያ ቁጥር በአምራቹ ዘንድ ይጣራ፣ የሠራባቸው ሰዓታት በስክሪኑ ይታዩ። ማስክና ቱቦ ግን ያገለገለ አይላክ። ላኪው ገንዘብ ካለው፣ አሮጌ ማሽን ላይ አዲስ ማስክና ሁለት መለዋወጫ ሲሊኮን መጨመሩ አዲስ ማሽን ከአንድ ማስክ ጋር ከመላክ ይበልጣል። ሲሊኮን በላብና በቅባት ይለሰልሳል፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ማፍሰስ ይጀምራል፣ እዚህ ደግሞ ምትኩን የሚሸጥ ሱቅ ማግኘት ከባድ ነው።

ጽዳቱ ቀላል ነው፦ ሲሊኮኑን በየጠዋቱ በለስላሳ ሳሙናና በለብ ያለ ውሃ፣ ቱቦውን በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠብ። በኦዞን የሚያጸዱ መሣሪያዎችን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 አስጠንቅቆባቸዋል፤ ገንዘብ አይባክንባቸው። ማርጠቢያ ውስጥ የሚገባው የተጣራ ውሃ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «የባትሪ ውሃ» የሚባለው አሲድ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። ካልተገኘ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በየቀኑ እየተቀየረ ያገለግላል፤ የሚተወውን ነጭ ዝቃጭ ማጽዳት ብቻ ነው። ፊልተሩ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይቀየራል፤ በበጋ አቧራና የማገዶ ጭስ በሚገባበት ቤት በየሁለት ሳምንቱ ማየት ያሻል። ማሽኑ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከሰል በሚነድበት ክፍል ውስጥም ጨርሶ አይብራ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ነውና የሚያስተነፍሰው።

ማሽኑ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሴቭ የተባለው ጥናት 2,717 ሰዎችን ተከታትሎ ሲፓፕ የልብ ድካምንና ስትሮክን እንደማይቀንስ አገኘ፤ የቀን እንቅልፍን ግን ቀነሰ፣ ስሜትንና ኑሮን አሻሻለ። በዚያ ጥናት ሰዎቹ ማስኩን የለበሱት በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። እኔ ከዚህ የማነበው ማሽኑ ከንቱ መሆኑን ሳይሆን ለሦስት ሰዓት የተለበሰ ማስክ ሌሊቱን ሙሉ ከተለበሰ ማስክ እኩል አለመሆኑን ነው። ቀላል ደረጃ ላይ ላለ ሰው ደግሞ በጎን መተኛት፣ ማታ አረቄና ቦርዴ መተው፣ ክብደት መቀነስ ከማሽን ሊቀድም ይችላል። ቲርዜፓታይድ የተባለው መርፌም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 አሜሪካ ውስጥ ከመጠን በላይ ለወፈሩ የዚህ በሽታ ሕሙማን ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ዛሬ ለሶዶ ሰው የሚደረስበት አይደለም።

ለኦቶና የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ቤት ተወስደው የሚታደርባቸው ሁለት ሦስት መቅጃዎች፣ ለሁለት ሳምንት ሙከራ የሚያገለግሉ ጥቂት ኦቶ ማሽኖች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስቱንም የማስክ ዓይነት በየልኩ የያዘ አንድ ሳጥንና እሱን ማልበስ የሠለጠነ አንድ ነርስ። ዕቁብ ጥሎ ወይም በሬውን ሸጦ ማሽን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ፊቱ የትኛውን እንደሚቀበል ያውቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ካርዱ ይነበብ፤ ስንት ሰዓት ለበሰ፣ ምን ያህል አፈሰሰ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ታነቀ የሚሉት ሦስት ቁጥሮች ይታዩ። ማፍሰሱ ከፍ ካለ ግፊቱ አይነካ፤ መጀመሪያ ማስኩ ይቀየር።